ያኖሽ ስታርከር ፊቱ ድንጋይ ነው፤ ታዲያ ለምን እሱን ስማ ይሉኛል?

የማታ_ተማሪ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ቼሎ (ተቀምጠው በደጋን የሚጫወቱትን የቫዮሊን ትልቅ ዘመድ) ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል። ዕድሜዬ 36 ነው። «በልጅነትህ ብትጀምር ኖሮ» የሚለውን ምክር ጠግቤዋለሁና እባካችሁ እሱን ዝለሉልኝ።

ጥያቄዬ ስለ ቼሎ ተጫዋቹ ያኖሽ ስታርከር ነው። አዲሱ አስተማሪዬ በሄድኩ ቁጥር «ስታርከርን ስማ፣ ስታርከርን እይ» ይለኛል። እሺ ብዬ አየሁት። የሃንጋሪው ሙዚቃ ደራሲ ኮዳይ ለብቻዋ ቼሎ የጻፈውን ሶናታ ሲጫወት የተቀረጸ ቪዲዮ ነው። አንድ ራሰ በራ ሰውዬ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ጣቶቹ የሚሠሩት ሥራ ያስፈራል። ፊቱ ግን ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ይጫወታል፤ ቅንድቡ እንኳ በወጉ አይነቃነቅም።

እኔ ቼሎ የጀመርኩት በእንግሊዛዊቷ ቼሊስት በዣክሊን ዱ ፕሬ ምክንያት ነው። የኤልጋርን ኮንሰርቶ (ቼሎ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተውን) በ20 ዓመቷ የቀረጸችውን ሰምቼ ሁለት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። ቪዲዮዋን ደግሞ አይታችሁታል። ፀጉሯ ይበተናል፣ ትወዛወዛለች፣ አንዳንዴ ከቼሎው ጋር ግብግብ የገጠመች ትመስላለች። እሷን ሳይ ሆዴ ይባባል። ስታርከርን ሳይ «ጎበዝ ነው» እላለሁ፤ በቃ።

ነገሩ ለእኔ ወሬ ብቻ አይደለም። የድሮው አስተማሪዬ «ስሜት የለህም፣ እንጨት ነህ» እያለ ነው ያስመረረኝ። እኔም ስሜት እንዲኖረኝ ብዬ መወዛወዝ ጀመርኩ። ስድስት ወር ተወዛወዝኩ። ያገኘሁት የግራ አውራ ጣቴ ሥር ሕመም፣ የደረቀ ትከሻና ከበፊቱ የባሰ ቀጭን ድምፅ ነው።

እና ሁለት ነገር ንገሩኝ። ሰውዬው ቀዝቃዛ ነው ወይስ የእኔ ጆሮ ነው? ሌላው ደግሞ፣ እንዲህ የሚጫወት ሰው መድረክ ለመድረክ መዞር ሲችል፣ ከ50 ዓመት በላይ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ከተማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ማስተማሩ ምን ይሉታል? የሚያስተምሩት መጫወት ያቃታቸው ናቸው ሲባል ነው የምሰማው።

---

ባስ_ክሌፍ

አንተ ብቻ አይደለህም። እኔም ለብዙ ዓመት «የስፌት መኪና» ነበር የምለው። እንከን የለውም፣ ድምፁ ንጹህ ነው፣ ቪብራቶው (ጣት ክር ላይ ሲንቀጠቀጥ የሚመጣው የድምፅ ሞገድ) ጠባብ ነው፣ እና ይበርደኛል። ባኽን ሲጫወት ደግሞ ፍጥነቱ! ባኽ ለቼሎ የጻፋቸውን ስድስቱን ስዊቶች አምስት ጊዜ ቀርጿቸዋል ሲባል ሰምቼ «አንዴ አይበቃውም?» ብያለሁ።

የመጨረሻው ቅጂ ግን ትንሽ አስተካክሎኛል። 70 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው የቀረጸው ነው፤ ግራሚ ያገኘበት። ዳግመኛ ስሰማው ያ ሁሉ ንጽሕና ሌላ ነገር ሆኖ ታየኝ። ምን እንደሆነ ግን ማስረዳት አልችልም። የሚችሉ ሰዎች እዚህ አሉ። ጋሼ የት ጠፉ?

---

ጡረታ_የወጣ_ቼሎ

ጠርታችሁኛል፣ መጣሁ። ረጅም ስለሚሆን ቡናችሁን ያዙ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።

ወንድሜ የማታ ተማሪ፣ ከሁለተኛው ጥያቄህ ልጀምር። የመጀመሪያው መልስ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ስታርከር ማስተማር የጀመረው መጫወት አቅቶት አይደለም። የመጀመሪያ ተማሪውን ሲይዝ 8 ዓመቱ ነበር። ስምንት! በ12 ዓመቱ አምስት ተማሪዎች ነበሩት። የተወለደው 1924 ቡዳፔስት ነው፣ ከአይሁድ ቤተሰብ። ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቹ ቫዮሊን ይጫወቱ ነበር፤ ለሦስተኛው ቼሎ ደረሰው። በ7 ዓመቱ የሊስት አካዳሚ፣ የቡዳፔስቱ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ገባና አዶልፍ ሺፈር እጅ ላይ ወደቀ። ሺፈር የታላቁ ቼሊስት የዴቪድ ፖፐር ተማሪ ነው። የማታ ተማሪ፣ የፖፐርን 40 ልምምዶች አስተማሪህ ገና ካላሳየህ ምስጋና አቅርብ። ቀኑ ይመጣል፤ ያኔ ታለቅሳለህ።

በ14 ዓመቱ አንድ ቼሊስት ሳይመጣ ቀርቶ የድቮርዣክን ኮንሰርቶ እንዲጫወት የሦስት ሰዓት ማስጠንቀቂያ ብቻ ተሰጠው። ተጫወተው። ይህን ልብ በል። እንዴት እንደሚጫወተው የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ እሱም ራሱን አልጠየቀም። ወፍ እንዴት እንደምትዘምር ታውቃለች እንዴ?

ያ ሶናታ አንተን ያስደነገጠህ፣ ኮዳይ 1915 የጻፈው ነው። ሁለቱ ወፍራም ክሮች ከተለመደው ቅኝት ግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ። ሶል ወደ ፋ ዲያዝ፣ ዶ ወደ ሲ። እጅህ የለመደው ካርታ በሙሉ ይገለበጣል። ኖታው ላይ የምታየው ጣትህ የሚጫንበትን ቦታ እንጂ ጆሮህ የሚሰማውን አይደለም። ስታርከር በ15 ዓመቱ ለራሱ ለኮዳይ ተጫወተለት። ሰውዬው ምን እንዳለው ታውቃላችሁ? የመጀመሪያው ክፍል ፈጠነ፣ ሁለተኛው ደህና ነው፣ ሦስተኛው ላይ ቫርዬሽኖቹን (አንዱ ዜማ እየተለዋወጠ የሚመጣባቸውን) ያን ያህል አታራርቃቸው፤ ደህና እደር። አለቀ። ሃንጋሪዎች አያሽሞነሙኑም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ስታርከርና ወላጆቹ ቡዳፔስት አጠገብ ቼፔል ደሴት ላይ ታሰሩ፤ እነሱ ተረፉ። ሁለቱ ወንድሞቹ አልተረፉም፤ ናዚዎች ገደሏቸው። ቫዮሊን የሚጫወቱት እነዚያው ሁለቱ። ጦርነቱ ባለቀ ሰሞን ስታርከር ለጥቂት ጊዜ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነትና በድኝ ማዕድን ቁፋሮ ሠርቷል። በእነዚያ ጣቶች! ከዚያ የቡዳፔስት ኦፔራ የቼሎ መሪ ሆነ፤ 1946 አገሩን ጥሎ ወጣ።

አሁን ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ከአገር ከወጣ በኋላ መጫወት ከዳው። እጁ አልተቆረጠም፣ ጣቱ አልተሰበረም። ብቻ ያ በሕፃንነቱ ሳያስብ የሚሠራው ነገር ታዘዘኝ ሲለው እምቢ አለ። ሊያብድ ምንም አልቀረውም ነበር። ያቺን ወፍ ያነሳሁት ለዚህ ነው፤ ምሳሌው የራሱ የስታርከር ነው። በልጅነታቸው ተአምር የሚሠሩ ልጆች አንድ ቀን ነቅተው «ይህን የማደርገው እንዴት ነው?» ይላሉ፤ መልስ የላቸውም፤ ያኔ ይወድቃሉ ይል ነበር።

እሱ ግን መልሱን ፍለጋ ተቀመጠ። ፓሪስ ውስጥ አንድ ዓመት ያህል። ክንዱ መቼ ይነሳል? ትንፋሹ መቼ ይወጣል? ጣት ከመውደቁ በፊት ትከሻ ምን ያደርጋል? እንደ ሰዓት ሠሪ ፈታታው። መልሶ ሲገጥመው 1948 የኮዳይን ሶናታ ቀረጸና ፈረንሳዮች ትልቁን የሸክላ ሽልማታቸውን ሰጡት።

ስለዚህ አንተ «ቀዝቃዛ ፊት» ያልከው አንድ ጊዜ ሁሉን ነገር አጥቶ መልሶ ያገኘ ሰው ፊት ነው። እየተጠነቀቀ ነው። ዳግመኛ አይጠፋበትም።

ስለ ድምፁ ካነሳን፣ 1950 የተቀረጸውን የዚያኑ ሶናታ ቅጂ ፈልጉ። ድምፅ መሐንዲሱ ፒተር ባርቶክ ነው፣ የሙዚቃ ደራሲው የቤላ ባርቶክ ልጅ። ማይክራፎኑን በጣም አስጠግቶታል። ጣት እንጨት ላይ ሲያርፍ ይሰማል። ደጋኑ ክር ሲነክስ ይሰማል። መብራት አጥፍታችሁ ስሙት፣ ፊቱን ሳታዩ። ከዚያ «ይበርደኛል» የሚል ሰው ካለ እኔ ጋ ይምጣ፣ ጋቢ እሰጠዋለሁ።

---

ሐና_በሦስተኛ_ፖዚሽን

ጋሼ እጅዎ ይባረክ። ግን ከሰውዬው ጋር ትንሽ ልጣላ።

እኔን ያስተማረችኝ ሴት ብሉሚንግተን፣ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ፣ ስታርከር ክፍል ውስጥ ያለፈች ናት። እሷ እንደምትለው ክፍሉ ለሁሉም ሰው የሚሆን አልነበረም። ሌሎች ተማሪዎች ቁጭ ብለው እያዩ ነው የምትጫወቺው። ስትጨርሺ ዝም ይላል። ዝምታው ነው የሚገድለው ትላለች። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ ያቺ ዓረፍተ ነገር ለስድስት ወር ትበቃለች። ሲጋራው ደግሞ አለ። በቀን 60 ያህል ያጨስ የነበረ ሰው ነው፤ ዊስኪውም አይቀርም። ዛሬ ቢሆን ክፍል አያስገቡትም።

እኔ እንደዚያ ዓይነት አስተማሪ አልመኝም። እውነቴን ነው። ፍርሃት ትከሻ ያደርቃል፤ ስታርከር ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ሲዋጋ የኖረው የደረቀ ትከሻን ነው። ይህ ነገር ለእኔ አይገጥምልኝም።

ግን የማታ ተማሪ፣ ያን «የሚያስተምሩት መጫወት ያቃታቸው ናቸው» ያልከውን መልሰህ ውሰደው። ሰውዬው አሜሪካ 1948 ሲገባ ዳላስ ኦርኬስትራ ውስጥ የመጀመሪያ ቼሎ (የቼሎዎቹ መሪ) ነበር፣ በኦርኬስትራ መሪው አንታል ዶራቲ ሥር። ቀጥሎ ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ፣ ከዚያ 1953 ቺካጎ ኦርኬስትራ፣ ሁለቱም ከኦርኬስትራ መሪው ፍሪትዝ ራይነር ጋር። ቺካጎ የመጀመሪያ ቼሎ መሆን ማለት ብዙ ሰው በሕልሙ የማያገኘው ወንበር ነው። በ1958 ያንን ወንበር ትቶ ብሉሚንግተን ገባ። እስኪሞት፣ 2013፣ እዚያው ነበር። 55 ዓመት! እያስተማረ ደግሞ ኮንሰርቱን አላቆመም፤ ከ150 በላይ ሸክላና ሲዲ አለው። እንዲያውም ብቻውን መድረክ ላይ መውጣቱ የበዛው ኦርኬስትራ ከተወ በኋላ ነው።

እና ለምን? አስተማሪዬ የነገረችኝ ይህን ነው። ሳያስተምር መጫወት፣ ሳይጫወት ማስተማር እንደማይችል ይናገር ነበር። ለሌላ ሰው ስታስረጂ ነው ራስሽ ምን እያደረግሽ እንደሆነ የሚገባሽ። ጋሼ ያሉት የፓሪሱ ዓመት ማለት ነው እኮ! ያ ፍለጋ አላለቀም። በየቀኑ አንድ ልጅ ቼሎ ይዞ በሩን ሲከፍት እንደገና ይጀምራል።

---

ባስ_ክሌፍ

ሐና፣ ያቺ «ለስድስት ወር የምትበቃ» ዓረፍተ ነገር ምን ነበረች? ሳትነግሪን አትሂጂ።

---

ሐና_በሦስተኛ_ፖዚሽን

ለእሷ የተነገረቻት? «ከጣትሽ በፊት ክርንሽ የት ነበር?»

መጀመሪያ አልገባትም። ከአንድ ፖዚሽን (ግራ እጅ ክሩ ላይ ከሚያርፍባቸው ቦታዎች አንዱ) ወደ ሌላ ስትዘል ጣቷ ይወረወርና ቦታውን ይስታል ወይም ይጮሃል። እሷ ጣቷን ነበር የምትወቅሰው። ነገሩ ግን እጅ የሚሄደው ክንድ ሲወስደው ነው። ክርን ቀድሞ ጉዞ ካልጀመረ ጣት ብቻውን አውቶቡስ ሸሽቶት እንደሚሮጥ ሰው ይሆናል። በደጋንም እንደዚያው ነው። ደጋኑ ወደ ላይ ከመመለሱ በፊት ክንድሽ ተመልሷል፤ ጆሮ ማጠፊያውን አይሰማውም።

እኔን እንዴት እንዳስተማረችኝ ልንገራችሁ። አንድ ኖታ ብቻ፣ ሬ ክር ላይ፣ ከአንደኛ ፖዚሽን ወደ አራተኛ። ሳልጫወት። ደጋን የለም። አየር ላይ ክርኔን ብቻ እያንቀሳቀስኩ፣ ጣቴ ክሩ ላይ ተጎትቶ እንዲመጣ። ሃያ ጊዜ። ቤት ውስጥ ያዩኝ ሰዎች ዶሮ የምኮርጅ መስሏቸው ነበር።

---

ጡረታ_የወጣ_ቼሎ

ዶሮዋን ወድጃታለሁ።

ሐና ስለ ፍርሃቱ ያለችውን አልከራከርም። የዚያ ትውልድ አስተማሪዎች እንደዚያ ነበሩ፤ ስለነበሩ ብቻ ግን ልክ አይሆኑም። እኔንም አንዱ እንዲህ አስተምሮኛል፤ ዛሬም ስለ እሱ ሳስብ እጄን ያልበኛል። ለተማሪዎቼ ያንን አላወረስኩም፣ ወይም አላወረስኩም ብዬ አስባለሁ። እነሱን ጠይቁ።

አሁን ወደ ዱ ፕሬ። የማታ ተማሪ፣ እሷን እንዳትተዋት። ማንም ተዋት ቢልህ እሺ አትበል። ያ የኤልጋር ቅጂ ሰማይ ነው። ግን አንድ ነገር አስተካክል። እሷ ስለተወዛወዘች አይደለም ድምፁ እንደዚያ የሆነው። ድምፁ ቀድሞ ነበር፣ ሰውነቷ ተከተለው። አንተ ከጭራው ጀመርክ። ቪዲዮውን ድምፅ አጥፍተህ እይ። ራሷን ተው፣ ፀጉሯን ተው፤ የቀኝ ክንዷን ብቻ እይ። ደጋኑ ክሩ ላይ የሚሄድበት መንገድ እንደ ባቡር ሐዲድ ቀጥ ያለ ነው። ማዕበሉ ሁሉ ከዚያ በላይ ነው።

በ28 ዓመቷ የነርቭ ሕመም መድረክ እንዳስቆማት ታውቃለህ። በኋላ ስታስተምር የሚያሳይ ፊልም አለ፤ መጫወት አትችልም፣ ግን የተማሪውን ኖታ በአፏ እየዘመረች ታርማለች። ያን ሳይ እኔ ዝም ነው የምለው።

ስታርከር ደግሞ ሌላ መንገድ ነው። የእሱ ሐሳብ ባጭሩ፦ የተጫዋች ሥራ መሞቅ ሳይሆን ማሞቅ ነው። አዳራሽ ውስጥ ያለው ሰው ይላብ፤ አንተ አትላብ። አንተ ራስህ ከጋልክ ጡንቻህ ይታሰራል፤ ጡንቻህ ከታሰረ ድምፁ ይታነቃል፤ ድምፁ ከታነቀ ሰሚው የሚያየው ላብህን ብቻ ነው። አንተ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ስድስት ወር ሙሉ ብቻህን ሞቀህ።

ሁለት ሰዎች፣ ሁለት መንገድ። እኔ ሁለቱንም እወዳለሁ። ግን ልማር የምችለው ከስታርከር ነው። ከዱ ፕሬ የምማረው መቅናት ብቻ ነው።

ስለ አውራ ጣትህ እንነጋገር፤ እሱ ነው የሚያስቸኩለው። ሕመሙ ሌሊት የሚቀሰቅስህ ወይም ጣትህን የሚያደነዝዝ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ሂድ፣ እዚህ አትጠይቅ። ስትጫወት ብቻ የሚመጣ ከሆነ ግን መጀመሪያ ይህን ሞክር። አውራ ጣትህን ከቼሎው አንገት ላይ አንሳ። ጨርሶ። አየር ላይ ትንጠልጠል። ቼሎው ደረትህና ጉልበቶችህ ላይ ተደግፎ ቆሟል፣ አይወድቅም። ከዚያ አራቱን ጣቶች ክር ላይ አድርግና ክንድህ ወደ ኋላ፣ ወደ ጀርባህ ይክበድ። መጫን የለም፣ መንጠልጠል ነው። ቅርንጫፍ ላይ እንደተንጠለጠለ ልጅ። አንድ ኦክታቭ ስኬል (ስምንቱን ድምፆች በተራ)፣ ቀስ ብለህ። አምስት ደቂቃ እንጂ ከዚያ አትለፍ።

በኋላ አውራ ጣትህን መልሰው፤ ግን እንደ እንግዳ ይቀመጥ፣ እንደ ባለቤት አይሁን። ይነካል፣ አይጨምቅም።

---

ባስ_ክሌፍ

ጋሼ አንድ ጥያቄ። የስታርከር ቼሎ ስትራዲቫሪ (ስመ ጥሩ ጣሊያናዊ የሠራው) ነበር ይባላል። ድምፁ ከዚያ አይደለም የመጣው?

---

ጡረታ_የወጣ_ቼሎ

ነበረው፣ ከ1950 እስከ 1965። ትልቅ ስም ያለው ቼሎ ነው፣ ሎርድ ኤይልስፎርድ የሚባለው። ከዚያ ወደ ሌላ ዞረ፤ ማቴዎ ጎፍሪለር 1705 የሠራው። ሁለቱንም ሰምተህ መለየት ትችላለህ? እኔ አንዳንዴ እችላለሁ፣ አንዳንዴ ያቅተኛል። ሁለቱም ላይ ግን ስታርከር ስታርከር ነው፤ እሱን በሁለት ኖታ እለየዋለሁ። ለተማሪዎቼ መቶ ጊዜ ብያለሁ፤ ቼሎ ለመቀየር ከመሮጥህ በፊት ቀኝ ክርንህን ቀይር። ማንም አይሰማም። ሁሉም ገንዘብ ማጠራቀም ይጀምራል።

---

የማታ_ተማሪ

ተመልሻለሁ። አራት ቀን ሆነ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ጋሼና ሐናን።

በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። 1950 የተቀረጸውን ማታ መብራት አጥፍቼ ሰማሁት። ባስ_ክሌፍ ይስቅብኝ፤ ጋቢ አላስፈለገኝም። ሁለተኛው ክፍል መጀመሪያ ላይ ታች ያ ወፍራም ክር አለ፣ ወደ ሲ የወረደው። ሰውዬው በጣም በቀስታ ነው የሚስበው። ከዚያ ለቅጽበት ያህል ትንፋሹን የሰማሁ መሰለኝ። የእውነት ትንፋሽ ይሁን የደጋን ድምፅ አላውቅም። አራት ጊዜ መለስኩት። ቪዲዮው ላይ ያንን ፊት ሳይ እንዴት አመለጠኝ?

ስለ ወንድሞቹ ካነበብኩ በኋላ ግን እንደ በፊቱ መስማት አልቻልኩም። ይህ ጥሩ ይሁን መጥፎ አላውቅም። ሙዚቃውን ነው የምሰማው ወይስ ታሪኩን? ሐና፣ አንቺ ስለዚህ ምን ትያለሽ?

አሁን አውራ ጣት። ጋሼ፣ እንዳሉት አነሳሁት። የመጀመሪያው ቀን አስቂኝ ነበር። ጣቶቼ ክሩን መጫን አቃታቸው። ድምፁ እንደ ትንኝ ሆነ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የተጫወትኩት በመቆንጠጥ ነው። ክሩንና አንገቱን እንደ ሎሚ እየጨመቅኩ። ክንዴ ሥራ አልነበረውም፣ ተመልካች ነበር።

ሦስተኛው ቀን ላይ አንድ ነገር ሆነ። ሬ ክር ላይ ሦስተኛ ጣቴን አስቀምጬ «ተንጠልጠል» አልኩት። ከጀርባዬ፣ ከብብቴ በታች ካለው ቦታ፣ ክብደት ሲመጣ ተሰማኝ። ድምፁ ወፈረ። ደጋኔን ምንም አልቀየርኩም። ስጨርስ አውራ ጣቴን አየሁት። ሁልጊዜ ከልምምድ በኋላ ጫፉ ላይ የአንገቱ ምልክት፣ ቀይ ሰረዝ፣ ይቀራል። አልነበረም። ሕመሙ አልጠፋም፤ ግን ትናንትና ዛሬ ቀንሷል።

የክርን ዶሮውንም እየሞከርኩ ነው። በር ዘግቼ።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ላ፣ ሬና ሶል ክር ላይ ያለ አውራ ጣት እየቻልኩ ነው። ዶ ክር ላይ ግን ትንሿ ጣቴ አትደርስም፤ ለመድረስ ስል አውራ ጣቴ ራሷ ተመልሳ ትነክሳለች። ሳላዛት! ምን ላድርግ?

---

ሐና_በሦስተኛ_ፖዚሽን

ስለ ታሪኩ፦ እኔም አልለየውም። አስተማሪዬ ጋ ስሄድ ስለ ወንድሞቹ አንስቼባት ነበር። ክፍል ውስጥ ስለዚያ ሲያወራ ሰምታ አታውቅም። ሲያወራ የሰማችው ስለ ክርንና ስለ ትንፋሽ ነው። ከዚያ «በይ አንደኛ ፖዚሽን» አለችኝ።

---

ጡረታ_የወጣ_ቼሎ

ዶ ክር ላይ ክርንህ የት ነው ያለው? ላ ክር ላይ በነበረበት ቦታ ትተኸው ከሆነ ትንሿ ጣትህ መቼም አትደርስም። ከጣትህ በፊት ክርንህን ወደ ፊት አውጣው፣ ቼሎውን እንደምታቅፍ። እጅህ ይከተላል። ትንሿን ጣት ቀጥ አድርገህ አትለጥጣት፣ ጎበጥ ትበል።

መስታወት ፊት ሞክረውና እሑድ ንገረኝ።